በዓመቱ ሒሳብ ውስጥ ያልተጻፈው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።



ቅዱስ ዳዊት በመዝሙር 64 እግዚአብሔር ዓመትን በቸርነቱ አክሊል እንደሚያቀዳጅ ይነግረናል። አክሊል የሚደፋው በራስ ላይ ነውና ቤተ ክርስቲያናችንም መስከረም 1 ቀንን ርእሰ ዐውደ ዓመት፣ ማለትም የዓመቱ ራስ ብላ የመጥምቁ ዮሐንስን በዓል ታከብርበታለች። ዘመኑንም ለአራቱ ወንጌላውያን በየተራ ትሰጣለች። ባሕረ ሐሳብ የተማራችሁ እንደምታውቁት፣ አምስት ሺህ አምስት መቶውን ዘመን በዘንድሮው 2018 ላይ ስንደምረው 7518 ይሆናል፤ ይህንንም ለአራት ስናካፍለው ሁለት ይተርፋል፤ ሁለት ሲተርፍ ወንጌላዊው ማርቆስ ነው። ማርቆስ ከዚህ በፊት የመጣልን በ2014 ዓ.ም. ነበር። ይህን ስሌት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንሠራ ከመካከላችን አንዱ «2014» ብሎ ጻፈና ጠመኔውን እንደ ያዘ ቆመ። ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም።

ሽማግሎቻችን የ1977ን ዓመት ሲያነሡ «ሰባ ሰባት» ብለው ዝም ይላሉ። በባቲ መጠለያ የተሰበሰበውን ሕዝብ በዓይናቸው ያዩ ናቸውና ያ ቁጥር ለእነርሱ ቁጥር አይደለም፣ ረሀብ ነው። ለእኛ ለከሚሴ ልጆችም «ዐሥራ አራት» እንደዚሁ ሆኖብናል። በዚያን ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን። በጥቅምት መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ከተማችን ደረሰ፤ እስከ ኅዳር መጨረሻ ገደማም በላያችን ላይ ቆየ። መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ባንክ የለም። ገሚሶቻችን ከወላጆቻችን ጋር በእግራችን ወደ ገጠር ዘመድ ወጣን፤ ገሚሶቻችንም በር ዘግተን በቤታችን ቀረን። ስለዚያ ወራት ብዙ ተብሏልና እዚህ ላይ አንዘረዝረውም። ከዚያ ውስጥ ግን አንዲት ነገር ለዛሬው ጉዳያችን ስለምታስፈልገን ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

በሰንበት ትምህርት ቤታችን የቆየ ልማድ አለ። በየዓመቱ በጳጉሜን፣ ከየዩኒቨርሲቲው ለክረምት የተመለስነውም በከተማው የሚኖሩትም ተሰብስበን ግማሽ ግማሽ ሉክ ወረቀት ይታደለናል። በአንደኛው ገጽ የዓመቱን ከፍታ፣ በሁለተኛው ገጽ የዓመቱን ዝቅታ እንጽፋለን። ስም አይጻፍም። ወረቀቱ ተሰብስቦና ተደባልቆ አንድ ሰው ለሁሉም ያነበዋል፤ ከዚያም ጸሎት ይደረጋል። ዘንድሮም እሑድ ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቅዳሴ በኋላ ሃያ ሦስት ወረቀት ተነበበ። (የቀሩት ሰንበቴ ነበሩ። የሰንበቴ ገበያ እሑድ ቀን መዋሉ ለሰንበት ትምህርት ቤታችን የዘወትር ፈተና ነው፤ ይህንንም በዝቅታው ገጽ የጻፈ አልጠፋም።)

የተጻፈው ምን ነበር? በከፍታው በኩል የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና ያለፉ አሉ፤ እናቱ ከሕመም የተነሣችለት አለ፤ ማዕረገ ዲቁና የተቀበለ አለ፤ «የዘንድሮ ጥምቀት» ብሎ ብቻ ያቆመም አለ። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ የተመረቀው ከሁለት ቀን በኋላ፣ ጳጉሜን 4 ቀን ስለሆነ ሳይጻፍ ቀረ። በዝቅታው በኩል ግን ወረቀቱ አልበቃ ብሎ በዳርና በዳር የጻፉ ነበሩ። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በቀጠለው ግጭት ምክንያት መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ፣ ገናንም ፋሲካንም በዩኒቨርሲቲ ግቢ ያሳለፉ ብዙዎች ናቸው። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከቤት የሚላክልን ገንዘብ ከወር ወር አላደርስ ማለቱ ተጽፏል። አዲስ አበባ የምንማረው በታኅሣሥና በጥር በአዋሽ ፈንታሌ በኩል የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ ሌሊት ከአልጋችን እንዳስነሣን ጽፈናል። ጓደኛ የሞተባቸው፣ ቤት የፈረሰባቸው፣ ተስፋ የቆረጡም አሉ። እውነተኛ እንባ ያለበት ወረቀት ነውና ማንም እንዲያቃልለው አንሻም።

ንባቡ ሲያልቅ የሚያስተምሩን አባት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ሃያ ሦስቱም ወረቀት የደረሰባችሁንና የደረሰላችሁን ይናገራል፤ ያደረጋችሁት የቱ ላይ ነው ያለው?» ብለው ጠየቁን። መልስ አልነበረንም። አባታችንም ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 26ን አውጥተው አስነበቡን።

ውድ አንባብያን፣ ይህን ምዕራፍ በበዓል ሰሞን ደጋግማችሁ ብታነቡት እንወድ ነበር። ዓመትን ወደ ኋላ መለስ ብሎ መመርመር ዛሬ የተፈጠረ ነገር አይደለም። እስራኤላዊው የምድሩ ፍሬ በደረሰ ጊዜ በኵራቱን በዕንቅብ ይዞ ወደ ካህኑ ይመጣ ነበር። ዕንቅቡ ተቀምጦ ሲያበቃ ሰውዬው ዝም ብሎ አይሄድም፤ ታሪኩን አፉን ከፍቶ መናገር አለበት። አባቱ አገር የለሽ መንገደኛ እንደ ነበር፣ በጥቂት ሰው ወደ ግብፅ እንደ ወረደ፣ ግብፃውያን እንዳስጨነቁት፣ ወደ እግዚአብሔር እንደ ጮኸ፣ እግዚአብሔርም እንዳወጣው ይናገራል። ከፍታም ዝቅታም አለበት ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ የእኛ ግማሽ ሉክ ወረቀት ከመጽሐፉ ጋር ይስማማል።

ነገር ግን ምዕራፉ በዚያ አያበቃም፤ እኛ የምናቆመው በዚያ ነው እንጂ። እስራኤላዊው ከሌዋዊውና በመካከሉ ካለው መጻተኛ ጋር አብሮ ደስ እንዲለው ይታዘዛል። በሦስተኛው ዓመትም ዐሥራቱን ሁሉ ካወጣ በኋላ በእግዚአብሔር ፊት ቆሞ ሌላ ሒሳብ ያቀርባል፤ ለሌዋዊው፣ ለመጻተኛው፣ ለድሀ አደጉና ለመበለቲቱ የሚገባውን እንደ ሰጠ፣ በቤቱ ደብቆ እንዳላስቀረ፣ ትእዛዙንም እንዳልረሳ ይናገራል። በመጀመሪያው ሒሳብ የሚናገረው እግዚአብሔር ያደረገለትን ነው። በሁለተኛው የሚናገረው እርሱ ለሰው ያደረገውን ነው። ሁለተኛው ከሌለ የመጀመሪያው ምን ይሆናል? እንደ እኛ ወረቀት ይሆናል፤ ልቅሶና እልልታ የሞላበት፣ ሰው ግን የሌለበት።

በቅዳሴ መጀመሪያ ካህኑ የምስጋናውን ጸሎት ሲያደርሱ እግዚአብሔር ስለ ጠበቀን፣ ስለ ረዳን፣ እስከዚህችም ሰዓት ስላደረሰን እናመሰግናለን። ለመሆኑ የጠበቀን በምን ነው? የረዳንስ በማን እጅ ነው? መልአክ ልኮ ይሆናል፤ እኛ ግን በ2014 ያየነው የሰው እጅ ነበር። አሁን ወደዚያች ነገር እንመለስ።

ከተማችን በአብዛኛው የሙስሊም ወገኖቻችን ከተማ ናት። በሰፈራችን፣ ከመዝሙር ጥናት ስንመለስ በምናልፍበት መንገድ ዳር፣ አንዲት ሙስሊም እናት ይኖራሉ። ስማቸውን አንጽፍም፤ የምታውቋቸው ታውቋቸዋላችሁ። ሁላችንም እማማ እያልን ነው የምንጠራቸው። በዚያን ጊዜ በዞናችንና በሰሜን ሸዋ አዋሳኝ፣ በአጣዬና በአካባቢዋ በ2013 መጋቢትና ሚያዝያ ደም ከፈሰሰ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። በየወገኑ ያዘነ ቤት ብዙ ነበርና ጎረቤት ጎረቤቱን በጎን ማየት ጀምሮ ነበር። እኛም ከዚያ ነፃ አልነበርንም። ጦርነቱ ሲመጣ ግን እማማ የሚሸሹትን የጎረቤቶቻቸውን ቁልፍ አንድ በአንድ ተቀበሉ። የሰንበት ትምህርት ቤታችንን ከበሮ፣ የመዝሙር ልብሳችንንና መዝገባችንን ጓዳቸው አስገብተው በማሽላ ጆንያ ሸፈኑት። ቢጠየቁ ምን ሊሉ እንደ ነበር እስከ ዛሬ አናውቅም። ከተማችን ስትረጋጋ፣ በገና ዋዜማ፣ ከበሮውን በልጃቸው ትከሻ አስጭነው አመጡልን። ቆዳውን በአንድ በኩል አይጥ በልቶት ነበር፤ እርሱንም ልክ እንደ ጥፋታቸው አድርገው ይቅርታ ጠየቁን። የ2014 ገና የተዘመረው በዚያ በተበሳ ከበሮ ነው።

እንግዲህ 2017 ላይ እንድረስ። ባለፈው ዓመት ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ቀን ገባ፤ ረመዳን ደግሞ የካቲት 22 ቀን ተጀመረ። አንድ ከተማ ሙሉ በአንድነት ጾመኛ ሆነ። ማታ ማታ መንገዱ ሲታይ እጅግ ያምር ነበር፤ አንዱ ከመስጊድ፣ አንዱ ከቤተ ክርስቲያን፣ ሁሉም ደረቅ ከንፈር ይዞ ይተላለፋል። በረመዳን በሁለተኛው ሳምንት እማማ በልጅ ልጃቸው እጅ አንድ ሳህን ሳምቡሳ ላኩልን። በሥጋ እንዳይመስለን «የምስር ነው፣ በዘይት ነው የተጠበሰው፣ ይብሉት በሏቸው» ብለው ልከዋል። በላን። ሳህኑን መለስን።

በሦስተኛው ሳምንት ያ ከበሮውን ተሸክሞ ያመጣልን ልጃቸው፣ የጭነት መኪና ሹፌር ነበርና፣ በመኪና አደጋ ሞተ።

ለቅሶ አልደረስንም።

ምክንያት ልናቀርብ እንችላለን። ገሚሶቻችን በየዩኒቨርሲቲው ነበርን፤ በስልክ ሰማን፤ ስልክ ግን አልደወልንም። በከተማው የነበርነው «ከእነ እገሌ ጋር እንሄዳለን» እያልን እርስ በርሳችን ተጠባበቅን። አንዳንዶቻችን የአጣዬው ነገር ከልባችን አልወጣም ነበር። አንዳንዶቻችን የራሳችን ሰው ምን ይለናል ብለን ፈራን። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ማታ ከጥናት ስንመለስ፣ በጾሙ ከበሮ ባይመታም እንደ ልማዳችን እያዜምን ነበር። ከደጃቸው ስንደርስ ዜማውን አቋረጥን። ሰው ተቀምጧል፣ መብራቱ በርቷል። አንገታችንን ደፍተን አለፍንና ማዕዘኑን ከዞርን በኋላ ካቆምንበት ቀጠልን።

ስለ ደጉ ሳምራዊ ስንሰብክ ራሳችንን ሁልጊዜ በሳምራዊው ቦታ እናስቀምጣለን። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 የተጻፈውን ግን በእኛ ላይ ስናየው ነገሩ ሌላ ነው። በ2014 በመንገድ ላይ ወድቀን የነበርነው እኛ ነን፤ ያነሣን ሰው ደግሞ ከእኛ ወገን አይደለም ያልነው ነው። በ2017 ሌላው ሰው ሲወድቅ ደግሞ ያየነውና በማዶ ያለፍነው እኛ ነን። ካህኑና ሌዋዊው ቢያንስ ከወደቀው ሰው እጅ ሳምቡሳ አልበሉም ነበር።

ቦርከናን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከደሴ ተራሮች ወርዶ፣ ኮምቦልቻን አልፎ ጨፋ ሲደርስ ይንጣለላል፤ ሜዳውን ሁሉ ያረጥበዋል። ውኃው ዝም ብሎ ቢያልፍ ኖሮ ጨፋ ጨፋ ባልሆነ ነበር። በበጋ ከአፋር ቆላ ከብታቸውን ነድተው የሚመጡት ሰዎች ሣር የሚያገኙት የክረምቱ ውኃ በዚያ ተኝቶ ስለሚቆይ ነው። በእኛ ላይ ግን የ2014 ቸርነት መጣና አለፈ። አራት ዓመት እንኳ አልቆየም። ሌላው ሰው በጋ ሲመጣበት ከእኛ ዘንድ የሚነጭ ሣር አላገኘም።

አባታችን ከጠየቁን በኋላ ዝምታው ረዘመ። ከእኅቶቻችን አንዷ ወረቀቷ እንዲመለስላት ጠየቀች። ወረቀቱ ስም ስለሌለው በእጅ ጽሕፈቷ ፈልጋ አገኘችውና አንድ መስመር ጨምራ መለሰችው፤ «በመጋቢት እማማ ዘንድ ለቅሶ አልደረስንም» ይላል። «አልደረስኩም» አላለችም። ማንም አልተቃወማትም።

በማግስቱ ሰኞ የቅዱስ ሩፋኤል በዓል ነበር። ከቅዳሴ ስንወጣ ዝናቡ ይወርዳል፤ ሕፃናቱም እንደ ልማዳቸው በዝናቡ ይጠመቃሉ። እኛ ዐሥራ አንድ ሆነን አንድ ኪሎ ቡናና ሁለት ኪሎ ስኳር ይዘን ሄድን። በሩ ላይ ስንደርስ ማን ይቅደም በሚለው ተገፋፋን። የልጅ ልጃቸው ከፈተችልን። እማማ መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀምጠው ነበር። በመንገድ ያዘጋጀነው ንግግር ነበረን፤ በዕድሜ ታላቃችን «እማማ፣ ዘግይተናል» አለና ከዚያ ወዲያ መቀጠል አቃተው።

«ግቡ እንጂ ልጆቼ! ዝናብ ላይ ቆማችሁ ነው የምታወሩት?» አሉን።

ገባን። እንደ ተቀመጥን የልጃቸውን ስም ጠርተው አለቀሱ፤ እኛም አለቀስን። ወራት ያለፈው ለቅሶ እንደ ትናንት ሆነ። ከዚያ ቡና ተፈላ። እማማ ስለ ከበሮው ጠየቁን፤ ያ አይጥ የበላው ቆዳ ተቀይሮ እንደ ሆነ ማወቅ ፈለጉ። ተቀይሯል አልናቸው። ቀጥለውም እንዲህ አሉን። «ሁልጊዜ ስታልፉ ዜማችሁን እሰማለሁ። ልጄ የሞተ ሰሞን ግን፣ ያን ቅዳሜ፣ ደጄ ስትደርሱ ዝም አላችሁ። ለኀዘኔ ብለው ነው፣ አላህ ይስጣቸው ብዬ መረቅኋችሁ።»

ወንድሞችና እኅቶች፣ ከዚህ በላይ የሚያሳፍር ምስጋና ሰምተን አናውቅም። በዝምታ ልንቀበለውም እንችል ነበር። ያቺ መስመሩን የጻፈችው እኅታችን ግን ስኒዋን አስቀመጠችና፣ «አይደለም እማማ። ፈርተን ነው። ተቀይመንም ነበር» አለች።

እማማ ብዙ ጊዜ አልተናገሩም። እሳቱን ቆሰቆሱት፤ ጀበናውን አነሡ። «አብሽሩ» አሉ በመጨረሻ፣ «ቶናው እንዳይቀዘቅዝ ጠጡ።» ይቅር ብለናችኋል የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም፤ እኛም አልጠየቅናቸውም። እስከ በረካው ተቀመጥን።

በእንቁጣጣሽ ጠዋት የሕፃናት ክፍል ልጆቻችን ዐደይ አበባ ይዘው ሲወጡ ከ2013 ወዲህ የተዘለለውን ያንን ደጅ አልዘለሉትም። እማማ ለእያንዳንዳቸው ድፎ ቆርሰው ሰጧቸው፤ ልጆቹም ፍርፋሪውን እያራገፉ ለእኛ ሊያሳዩን ሮጠው መጡ።

ከሃያ ሦስታችን ከእማማ ዘንድ ያልሄድን አሁንም አለን። አንዳንዱ ወደ ዩኒቨርሲቲው ተመልሷል፤ አንዳንዱ እዚሁ ሆኖ ገና ልቡ አልተነሣም። ጌታ በሉቃስ 13 ስለ ተናገረላት በለስ አባታችን አስታውሰውናል፤ አትክልተኛው አንድ ዓመት ጨምርላት ብሎ የለመነላት፣ ዙሪያዋን ቆፍሮ ፍግ ሊያፈስስላት ነው። ያቺ ግማሽ ሉክ ወረቀት በመዝገባችን ውስጥ ተቀምጣለች። ከመስመሩ ሥር የሄዱት ሰዎች የሄዱበትን ቀን ይጽፉባታል፤ እስከ ዛሬ ዐሥራ አራት ቀን ተጽፏል፤ ዘጠኝ ቦታ ባዶ ነው።